አንድ መርፌ፣ ስንት ክንድ?

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የግብፅን የቢልሃርዝያ ሕክምና ዘመቻ የጎበኘ አንድ የውጭ ሐኪም ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ግብፃዊ ሐኪም ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁትን ከ500 የሚበልጡ ሰዎች፣ ወንድ ሴት ሕፃን ሳይል፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወግቶ ይጨርሳል። ያገለገለው ስሪንጅ ትሪ ላይ ይቀመጣል። ነርሷ አንሥታ ታለቀልቀዋለች፤ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይቀቀላል፤ ከዚያም ወደ ሐኪሙ ትሪ ይመለስና የሌላ ሰው ክንድ ውስጥ ይገባል። ጎብኚውን ያስደነቀው የሐኪሙ ቅልጥፍና ነበር። ዛሬ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ግን «አንድ ሁለት ደቂቃ» ከምትለው ላይ ሲደርስ ይደነግጣል።

ቢልሃርዝያን ለእኛ አገር አንባቢ ብዙ ማስተዋወቅ አያሻም። ጣና ዳር ወይም ዝዋይ ዳር ያደገ ሰው በስም ያውቀዋል። በሽታውን የሚያመጣው በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል ነው፤ የዕድገቱን አንድ ክፍል ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ላይ ያሳልፍና ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስሙን ያገኘው በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ካገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። የግብፅ ገበሬ ደግሞ ኑሮው ከመስኖ ቦይ ጋር ስለሆነ ከትሉ የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም። ፊኛውና ጉበቱ እየተጎዳ፣ ደም እየሸና ይኖር ነበር።

መድኃኒቱ በ1918 ካርቱም ላይ ተገኝቷል፤ አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን ያለበት ጨው ነው። ትሉን ይገድላል፣ ነገር ግን በደም ሥር መሰጠት አለበት፤ ያውም አንዴ ሳይሆን በሳምንት አንድ ጊዜ እየተባለ በጠቅላላው ከአሥር ጊዜ በላይ። ያስታውካል፣ ያሳስላል፣ ልብንም ያውካል። ቢሆንም ሌላ አማራጭ ስላልነበረ የግብፅ መንግሥት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን በገፍ ማከም ያዘ። ከ1964 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት ብቻ ከ36 ሚሊዮን በላይ መርፌ ተወግቷል። ያ ሁሉ ሰው የተወጋው እየታጠበና እየተቀቀለ በሚመላለስ የብርጭቆ ስሪንጅ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ሰው ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ሰውን ከመውጋት ይልቅ የትሉን ማደሪያ ማጥፋት እንደሚቻል የገባው ከዚያ ነው። ለዚህ ሥራው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «የአማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀበለ። እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል መቅረቱ ሌላ የሚያስቆጭ ታሪክ ነው።

ያው 1989 ለግብፅም የሚረሳ ዓመት አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት ቫይረስ ማንነቱ የተለየው በዚያ ዓመት ነው። መመርመሪያው ሲገኝ ግብፅ በዓለም ላይ በዚህ ቫይረስ እጅግ ከተጠቁት አገሮች ቀዳሚዋ ሆና ተገኘች። በ2008 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 59 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ግብፃውያን መካከል 14.7 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ ደማቸው ውስጥ ገብቶ እንደነበር ታወቀ። ከሰባት ሰው አንድ ማለት ነው። ቀደም ብሎ በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ የቫይረሱን ሥርጭት ካርታ ከዘመቻው መዝገብ ጋር ሲያስተያየው ነገሩ ግልጽ ሆነ። መርፌ በብዛት የተወጋባቸው አካባቢዎችና በዘመቻው ወቅት ለመርፌ የደረሱ ትውልዶች በቫይረሱም ቀዳሚዎች ነበሩ። በአንድ ሕክምና አማካይነት ይህን ያህል ሕዝብ በደም ወለድ በሽታ ሲያዝ በታሪክ የታወቀ ሌላ አቻ የለውም።

«ቫይረሱ ያኔ አልታወቀም፤ ታዲያ በምን ይወቀሳሉ?» የሚል ሙግት አለ። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ስሙ ባይታወቅም ሥራው ይታወቅ ነበር። እንግሊዛውያን ሐኪሞች በ1940ዎቹ በስሪንጅ የሚተላለፍ የወፍ በሽታ እንዳለ ጽፈው አስጠንቅቀዋል። ዘመቻውን የመሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቢልሃርዝያንም በእርግጥ ቀንሰዋል። ግን ፍጥነትን ከንጽሕና አስቀደሙ፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጉበታቸው የጠነከረባቸው ገበሬዎች ናቸው።

አንድ ቀጭን ብረት ይህን ያህል ጥፋት እንዴት ይችላል? ምሥጢሩ ያለው መርፌው ውስጡ ክፍት በመሆኑ ነው። ሥጋ ውስጥ ሲገባ ከጫፉ ባሻገር ያለው ቀጭን ቦይ እንደ ኩራዝ ክር ደም ይስባል። የተሳበው ደም በዓይን አይታይም፤ ከአንድ ጠብታ እጅግ ያነሰ ነው። ለቫይረስ ግን ይበቃል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ሌላ የጉበት ቫይረስ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርስ ቫይረስ ይገኛል። የሚሊ ሊትር አንድ አሥር ሺሕኛ እንኳ መቶ ሺሕ ቫይረስ ይዛ ትገባለች ማለት ነው። የደረቀ ደምም አያስተማምንም፤ ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ስሪንጅ ውስጥ በቀረ ደም ለሳምንታት የመበከል አቅሙን ይዞ እንደሚቆይ በላቦራቶሪ ታይቷል።

በአልኮል መጥረግ የሚደርሰው የመርፌውን ውጭ ብቻ ነው። ለአፍታ መቀቀልም እምብዛም አይረዳም፤ ሳይታጠብ የተቀቀለ ደም እንደ እንቁላል ይረጋና በሥሩ ያለውን ይሸፍናል። ማምከን የሚባለው በታፈነ እንፋሎት በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ20 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ነው። ያንን በ500 ሰው ሰልፍ መካከል ማን ያደርገዋል?

የጤና ባለሙያዎች በሥልጠና ላይ የሚማሩት አንድ ስሌት አለ። በበሽተኛ ደም የተነካ መርፌ በስሕተት የወጋው ሠራተኛ፣ ደሙ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ከሆነና ክትባት ካልወሰደ፣ የመያዝ ዕድሉ እስከ ከሦስት አንድ ይደርሳል፤ ለሄፓታይተስ ሲ ከ30 አንድ ገደማ፤ ለኤችአይቪ ከ300 አንድ ገደማ። ሁላችንም የምንፈራው የመጨረሻውን ነው። ስሌቱ ግን መፍራት ያለብን የመጀመሪያውን እንደሆነ ይናገራል።

ፈጣን ገዳይ ሲሆንስ? በ1976 የያኔዋ ዛኢር ውስጥ ያምቡኩ በተባለ የገጠር የሚሲዮን ሆስፒታል ነርሶቹ በየማለዳው አምስት ስሪንጅ ይሰጣቸው ነበር። ለዕለቱ ተመላላሽ በሽተኛ ሁሉ የሚሠሩት በእነዚያው ነው፤ በበሽተኛና በበሽተኛ መካከል ለብ ባለ ውሃ ይለቃለቃሉ። ከታወቁት የመጀመሪያ ታማሚዎች አንዱ መምህር ሲሆን ወባ ነው ተብሎ የክሎሮኪን መርፌ ተወጋ። ወባ አልነበረም። ዓለም ስሙን እንኳ ያላወቀው ኢቦላ ነበር። በአካባቢው ከተያዙት 318 ሰዎች 280ዎቹ ሞቱ፤ በመርፌ አማካይነት ከተያዙት መካከል አንድም አልተረፈም። ከሆስፒታሉ 17 ሠራተኞች 11ዱ አለቁና በሩ ተዘጋ። ጉበት ላይ ሃያ ዓመት የሚፈጀውን ኢቦላ በሳምንት ገለጠው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ይህን የድሃ አገር ጣጣ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ላስ ቬጋስ ከተማ የአንድ ክሊኒክ ከ50 ሺሕ በላይ ታካሚዎች ለሄፓታይተስና ለኤችአይቪ እንዲመረመሩ ደብዳቤ ደረሳቸው። እዚያ የመርፌው ጫፍ ይቀየር ነበር። ስሪንጁ ግን አይቀየርም፤ በእሱው ከማደንዘዣው ብልቃጥ ዳግመኛ ይቀዳል፤ ብልቃጡም ለሚቀጥለው ሰው ይውላል። መድኃኒት ተወግቶ ሲያበቃ ትንሽ ደም ወደ ኋላ ተስቦ ስሪንጁ ውስጥ እንደሚገባ ማንም አላሰበም፣ ወይም ማሰብ አልፈለገም። «መርፌውን ቀይሬዋለሁ» የሚለው መልስ ስለዚህ ግማሽ መልስ ነው።

በ2019 ደግሞ በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር ራቶዴሮ በተባለች ከተማ ሐኪሞች ግራ ተጋቡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ኤችአይቪ ሲገኝባቸው የአብዛኞቹ እናቶች ግን ነጻ ናቸው። የምርመራው ጣት የጠቆመው ለጉንፋንና ለትኩሳት ሁሉ መርፌና ጉሉኮስ የሚሰጡ ክሊኒኮችን ነው።

ወደ ዋናው ነገር የደረስን ይመስለኛል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 16 ቢሊዮን ያህል መርፌ ይወጋል፤ ክትባት ከዚያ ውስጥ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው በአብዛኛው ሕክምና ነው፤ ከዚህም እጅግ ብዙው በክኒን ወይም ያለ ምንም መድኃኒት ሊያልፍ የሚችል ነበር። እኛም ጋ ክኒን ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰ ሰው «ምን አከሙኝ ብለህ ነው!» ሲል ይሰማል። ክሊኒኩም ደንበኛው ቅር እንዳይለው ይወጋዋል። በእኔ ግምት ከቆሸሸ መርፌ ጀርባ ብዙውን ጊዜ አላስፈላጊ መርፌ አለ። ሰልፉ ባይረዝም ኖሮ ስሪንጅ ለመደጋገም የሚቸኩልም ባልኖረ።

የሰውን ባሕርይ ከመለወጥ መሣሪያውን መለወጥ የቀለለ ሆኖ ተገኝቷል። ማርክ ኮስካ የተባለ እንግሊዛዊ በ1984 ስሪንጅ ኤችአይቪን እንደሚያዛምት ጋዜጣ ላይ ካነበበ በኋላ፣ አንዴ ከተገፋ ወደ ኋላ የማይመለስ፣ ቢጎተት የሚሰበር ስሪንጅ ሠርቶ ፋብሪካዎችን ሲለምን ዓመታት ፈጀ። በ1999 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ክትባት ሁሉ እንዲህ ባለ ራሱን በሚቆልፍ ስሪንጅ እንዲሰጥ ወሰኑ። በ2015 ድርጅቱ ለሕክምና መርፌም ይኸው እንዲደረግ ጠየቀ። ውጤቱ ትንሽ አይደለም። በ2000 በታዳጊ አገሮች ከሚወጋው መርፌ 40 በመቶ ገደማው ባገለገለ መሣሪያ የሚሰጥ ነበር፤ በዚያ ዓመት ብቻ 21 ሚሊዮን ሰው በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260 ሺሕ በኤችአይቪ በመርፌ ሰበብ እንደተያዘ ተገምቷል። በ2010 ድርሻው ወደ 5.5 በመቶ ወርዷል። የራቶዴሮ ሕፃናት የተገኙት ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ግብፅም ስሕተቷን ተሸክማ አልቀረችም። ሄፓታይተስ ሲን የሚፈውሰው ክኒን በ2013 ሲወጣ የአሜሪካ ዋጋው ለአንድ ሰው 84 ሺሕ ዶላር ነበር። ግብፅ ተከራክራ በ900 ዶላር ገደማ ገዛች፤ በኋላም በአገሯ ፋብሪካ አመረተችው። ከ2018 መገባደጃ ጀምሮ በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መርምራ የተገኘባቸውን አከመች። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ ከአገሮች ሁሉ ቀዳሚ እንደሆነች መሰከረላት።

እርስዎም በሚቀጥለው ጊዜ መርፌ ሲታዘዝልዎ ክኒን ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ። አይበቃም ከተባሉ ስሪንጁና መርፌው ከነማሸጊያው ፊት ለፊትዎ እንዲከፈት ለመጠየቅ፣ ሲያበቃም ሴፍቲ ቦክስ በተባለው የመርፌ መጣያ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ለማየት አይፈሩ፤ ደህና ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። በብረት ሣጥን የሚቀቀለውን የብርጭቆ ስሪንጅ የሚያስታውሱ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ጤና ተቋም ጎራ ብለው ለሄፓታይተስ ቢና ሲ ይመርመሩ። ቢ ቢገኝ በመድኃኒት ይገታል፤ ሲ ደግሞ በአሥራ ሁለት ሳምንት ክኒን ይድናል።