ከአካል ጋር የሚለጠጥ መለኪያ

ጨርቅ በክንድ፣ ገመድ በስንዝር ሲለካ በኖረበት ዘመን መለኪያው የሰው አካል፣ ተለኪውም ሌላው ነገር ሁሉ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥበብ ሥርዓቱን ገልብጣ፣ አካል ራሱ በየእርምጃው ስንት እንደ ታጠፈና ስንት እንደ ተዘረጋ የሚናገር መሣሪያ በቆዳ ላይ ለማሳደር ስለምትደክም፣ የሚለጠጥ ዳሳሽ የተባለውን ይህን ለስላሳ ሕዋስ ለአንባቢ ማስተዋወቅ ተገቢ ሆኖ ይታየናል።

ችግሩ ከምን እንደሚነሣ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። አንባቢ እግሩን ዘርግቶ ከጉልበቱ በላይና በታች ሁለት የቀለም ነጥብ ቢያኖርና ቀስ ብሎ ቢያጥፈው፣ ነጥቦቹ ሲራራቁ በዓይኑ ያያል። በመገጣጠሚያ ላይ ያለ ቆዳ 30 በመቶና ከዚያም በላይ ሲሳብ፣ ለድልድይና ለሕንፃ የተሠራው የብረት መለኪያ ግን ጥቂት በመቶ ብቻ ተስቦ ይበጠሳል።

የዚያ የብረት መለኪያ ሥር የቆየ ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ፣ የመዳብና የብረት ሽቦ በተሳበ ጊዜ የኤሌክትሪክን ፍሰት የመቃወም ኀይሉ እንደሚለወጥ አስተዋለ፤ በ1938ም ኤድዋርድ ሲመንስ በካሊፎርኒያ፣ አርተር ሩጅ በማሳቹሴትስ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ ቀጭን ሽቦ በሚለካው ነገር ላይ በማጣበቅ ይህን ጠባይ ለአገልግሎት አበቁት። ለሥጋ የሚስማማው መንገድ ግን ጠጣሩን ብረት ትቶ ፈሳሹን መያዝ ሆነ፤ በ1953 አር. ጄ. ዊትኒ የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር ባዜቃ የሞላበትን ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በእጅና በእግር ዙሪያ አስሮ የአካሉን መጠን መጨመርና መቀነስ ለካበት።

ባዜቃ መርዝ ስለ ሆነ፣ የዛሬዎቹ ጠቢባን ከ75 እጅ ጋሊየምና ከ25 እጅ ኢንዲየም የተቀላቀለ፣ ከ16 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ፈሳሽ የሚሆን ብረት መረጡ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሁለት ዓይነት የሲሊኮን ፈሳሽ ተቀላቅሎ ቀጭን ሸንተረር ባለበት ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ ረግቶ ሲላቀቅ ሸንተረሩ የነበረበት ቦታ ቦይ ሆኖ ይቀራል፤ በላዩ ሌላ ገበር ተለጥፎ ከተዘጋ በኋላ በአንዱ ጫፍ በመርፌ ብረቱ ሲገፋ በሌላው ጫፍ በተሰካ መርፌ አየሩ ይወጣል። ብረቱም አየር ሲነካው እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ስስ ቆዳ ያወጣልና፣ እንደ ባዜቃ ወደ ነጠብጣብ ሳይሰበሰብ ቦዩን ይዞ ይቀመጣል።

ዳሳሹ ሲሳብ፣ በቦዩ ያለው ብረት መጠኑ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን የመተላለፊያው ስፋት በግማሽ ይጠብባልና፣ ፍሰቱ የሚገጥመው ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ30 በመቶ መሳብም ወደ 1.7 እጥፍ ይደርሳል። ከዚህ ቁጥር የጉልበቱ መታጠፍ ይነበባል።

ንድፉን የሚፈትነው ግን ስሌቱ ሳይሆን ጥቃቅኑ ነገር ነው፤ ላስቲክ ሲሳብና ሲመለስ በአንድ መንገድ አይሄድምና ንባቡ ይለያያል፤ ለስላሳው ሲሊኮን ከጠጣር ሽቦ የሚጋጠምበት ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ ይጎዳል፤ ላብም ማጣበቂያውን ያላቅቃል፤ ቦታውን ጥቂት የሳተ ዳሳሽም ሌላ ጉልበት የለካ ያህል ይሆናል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው ቢባል፣ ግማሽ አካሉ ሰንፎ እንደ ሕፃን መራመድ ዳግመኛ የሚማረውን ሕመምተኛ ማሰብ ይበቃል፤ ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያየውን አካሄድ፣ ቤቱ ሆኖ ከአልጋው እስከ ደጁ ሲሄድ መሣሪያው ይመዘግብለታል። ስለዚህም ዳሳሹ ከቆዳው ይልቅ ሊለሰልስ ይገባል፤ ሕመምተኛው ከመሣሪያው የተነሣ አረማመዱን ከለወጠ፣ የተለካው መሣሪያው እንጂ ሰውየው አይደለምና።