በእህል መጋዘንና በጭነት ሥራ ላይ ለሚጐዱ ሠራተኞች ስለሚገባ ካሣ

በምዕራብ ጐጃም ከኅዳር ወር ጀምሮ በቆሎውና ጤፉ፥ ስንዴውና በርበሬው ከአውድማ ተነሥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም፥ ወደ ቡሬና ወደ ደምበጫ መጋዘኖች ይገባል። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመኪና ወርዶ ወደ ገበሬው ይወጣል። በሜጫ በኩል የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ከተሠራ ወዲህ በበጋም ድንችና ሽንኵርት ስለሚጫን፥ የሸክም ሥራ ወራት የማይለይ ሆኗል። የቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከተመረቀ በኋላ የመጋዘንና የማመላለስ ሥራ ይበልጥ እንዲሰፋ ታስቦለታል። ይህን ሁሉ እህል ከመሬት አንሥቶ ከመኪና ላይ የሚያደርሰው ግን እስካሁን የሰው ትከሻ ነው። ስለ እህሉ ክብደት፥ ስለ እርጥበቱና ስለ ዋጋው ብዙ መዝገብ ይጻፋል፤ ተሸካሚው ወድቆ ወገቡ የተሰበረ እንደ ሆነ ግን ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አንድ ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑን የማያውቅ የለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ባወጣው የምክር ቃል፥ አንድ ጐልማሳ ወንድ በእጁና በትከሻው እንዲሸከም የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ የበለጠ እንደ ሆነ በቶሎ ወደዚያ ልክ ዝቅ እንዲል መክሯል። ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ቢሆንም በገበያችን አንድ ሰው ለብቻው በሳንቃ ላይ እየወጣ የሚሸከመው ኩንታል ከዚህ ልክ እጥፍ ሊሆን ጥቂት እንደሚቀረው ማሰብ ይገባል። ማዳበሪያው በ50 ኪሎ ጆንያ መምጣቱ ለተሸካሚው ትልቅ ዕረፍት ነው፤ እህሉም እንደዚሁ በትንሽ ጆንያ ቢታሰር ነጋዴው የሚጐዳው በጆንያ ዋጋ ብቻ ነው።

አደጋው ከሸክሙ ብቻ አይመጣም። ከልክ በላይ ከፍ ተደርጎ የተደረደረ ክምር ይናዳል፤ እርጥብ ሳንቃ ያንሸራትታል። ይልቁንም ነቀዝን ለመግደል በመጋዘን ውስጥ የሚቀመጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው መድኃኒት፥ የአየሩ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሳይወጣና መጋዘኑ ሳይናፈስ የገባ ሰው ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ደረቱን ይይዘዋል፤ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒቱ የተደረገበትን ቀን በመጋዘኑ በር ላይ መጻፍ ምንም ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ሆኖ ሳለ ሲፈጸም የሚታየው ከስንት አንድ ነው።

እንግዲህ ጕዳቱ ከደረሰ በኋላ ካሣውን የሚከፍል ማን ነው? በቀድሞ ዘመን በአውሮፓም ቢሆን የተጐዳ ሠራተኛ የጌታውን ጥፋት በምስክር ካላስረዳ ምንም አያገኝም ነበር። ጀርመን በ1884 የአደጋ ዋስትና ሕግ አወጣች፤ እንግሊዝም በ1897 ተከተለች፤ ሁለቱም ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእነዚህ ሕጎች አሳብ፥ ከሥራው ትርፍ የሚያገኝ ሰው የሥራውንም አደጋ ይሸከም የሚል ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ይህንኑ ይዟል፤ ይኸውም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጕዳት ኀላፊ ነው። ከዚህ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጕዳት ነው። ሕጉ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የጥንቃቄ መመሪያ የጣሰውንና ሰውነቱን መቈጣጠር እስኪያቅተው ድረስ ሰክሮ ወደ ሥራ የገባውን ሆን ብሎ እንዳደረሰ ይቈጥረዋል። እዚህ ላይ «በግልጽ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። መመሪያ ሳይሰጥ ኖሮ አደጋው ከደረሰ በኋላ «ነግሬው ነበር» የሚል የመጋዘን ባለቤት ማስረጃው ምን እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ጕዳቱ በመጋዘኑ ግቢ ውስጥ ብቻ መድረስ አለበት የሚል አስተሳሰብም በብዙ ቦታ ይሰማል፤ ስሕተት ነው። ሠራተኛው የአሠሪውን ትእዛዝ በመፈጸም ላይ ሳለ ከሥራው ቦታ ውጭ ወይም ከሥራው ሰዓት ውጭ ቢጐዳ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ አደጋ ይቈጠርለታል። ስለዚህ ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሲወርድ በተገለበጠ የጭነት መኪና ላይ የነበረ ተቀጣሪ ረዳት፥ ወይም ማዳበሪያ ለቀበሌ ሊያደርስ ተልኮ ከጋሪ የወደቀ ሠራተኛ፥ በመጋዘኑ ውስጥ ክምር ከተናደበት ባልደረባው ያነሰ መብት የለውም። በመርዝ ወይም በአቧራ ቀስ በቀስ የሚመጣ ሕመምም ከሥራው የተነሣ መሆኑ ከታወቀ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ተብሎ እንደዚሁ ያስክሳል።

የተጐዳው ሰው መጀመሪያ የሚገባው ሕክምና ነው። አሠሪው የመጀመሪያ ርዳታ ሰጥቶ በተስማሚ ማጓጓዣ ወደ ቅርብ ሐኪም ቤት የማድረስ፥ የሐኪሙን፥ የመድኃኒቱንና የሆስፒታሉን ወጪ፥ ሰው ሠራሽ አካል ቢያስፈልገውም የዚያኑ ዋጋ የመክፈል ግዴታ አለበት። ሠራተኛው ሥራ እስኪጀምር ድረስም ከአንድ ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ በየጊዜው ገንዘብ ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ሙሉ ደመወዙ፥ በሚቀጥሉት ሦስት ወሮች ከመቶ 75 ያላነሰ፥ በቀሩት ስድስት ወሮች ከመቶ 50 ያላነሰ ነው። ሒሳቡን ለማሳየት ያህል ብቻ በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛን እናስብ። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት 9,000 ብር፥ ሁለተኛው 6,750 ብር፥ የቀረው ስድስት ወር 9,000 ብር ሲሆን፥ ዓመቱን ሙሉ የተኛ እንደ ሆነ ድምሩ 24,750 ብር ይሆናል።

አካሉ ለዘለቄታው የጐደለ እንደ ሆነ ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ የጕዳቱን መጠን ከመቶ ይወስናል፤ ይህንንም በተቻለ መጠን በ12 ወር ውስጥ እንዲፈጽም ሕጉ ያዝዛል። ሠራተኛው በጡረታ የተመዘገበ ከሆነ፥ ይኸውም ከደመወዙ ከመቶ 7 እርሱ፥ ከመቶ 11 አሠሪው የሚያዋጡለት ከሆነ፥ ክፍያው በጡረታው ሕግ ይመራል። በጡረታ ያልታቀፈ ሠራተኛ ግን ከአሠሪው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ይቀበላል፤ ልኩም ማናቸውንም ሥራ ለመሥራት ለማይችል ሰው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው፤ ጕዳቱ ከዚያ ያነሰ እንደ ሆነ በዚያው መጠን ይቀነሳል። ከላይ ባሰብነው ሠራተኛ ሙሉው 180,000 ብር ነው፤ ቦርዱ ከመቶ 30 ተጐድቷል ያለ እንደ ሆነ 54,000 ብር ይደርሰዋል። ሠራተኛው ከሞተም ባል ወይም ሚስት፥ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ይረዳቸው የነበሩ ወላጆች ከካሣው ይካፈላሉ።

እስከዚህ ያለው ነገር ግልጽ ነው። በሥራ ላይ የሚያስቸግረው ግን ተሸካሚው የማን ሠራተኛ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በየከተማው ጭነቱን የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ በጫኝና አውራጅ ማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ ነጋዴው የሚከፍለው ለማኅበሩ ወይም በኩንታል ቈጥሮ ነው። ዐዋጁ የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው በሌላው አመራር ሥር ሆኖ ደመወዝ እየተቀበለ የሚሠራበትን ነው፤ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኀላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራውን ከዐዋጁ ያወጣዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ነጻ ተቋራጭ ነው ከተባለ፥ እግሩ የተሰበረው አባል ነጋዴውን ሲጠይቅ «የኔ ሠራተኛ አይደለህም» ይባላል፤ ማኅበሩን ሲጠይቅ ደግሞ «አንተው ባለቤት ነህ» ይባላል። በሁለቱ መካከል ሰውየው ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ሸክሙንም ቤተ ሰቡና የሰፈሩ ዕድር ይካፈሉታል።

ይሁን እንጂ ማኅበር የሚለው ስም ብቻውን ነገሩን አይቈርጠውም። የሥራውን ሰዓት የሚወስነው፥ የት ይደርደር ብሎ የሚያዝዘው፥ ሰውየውን የሚያባርረውና የሚመልሰው የመጋዘኑ ኀላፊ ከሆነ፥ በኩንታል መከፈሉ ከሠራተኛነት አያወጣውም፤ ዐዋጁ በሥራ ልክ የሚከፈለውንም ውል ያውቃልና። ደግሞም ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም፤ እንዲያውም የጽሑፍ ውል ከሌለ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ወረቀት በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ዩኒየኖችና መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ቀጥረው ባሠሩት ሰው ዘንድ አሠሪ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባቸውም፤ የገበሬ ማኅበር መሆን ከዚህ ግዴታ ነጻ አያወጣም።

በእውነት የተቋራጭነት ሥራ በሆነበት ቦታ ግን መድኃኒቱ አስቀድሞ በውል መጻፍ ነው። የኅብረት ሥራና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች የመጋዘንና የጫኞች ስምምነት ሲፈራረም በመካከል ስለሚገኙ፥ አባል ቢጐዳ የሕክምናውን ገንዘብ ማን እንደሚያወጣ የሚናገር አንቀጽ ሳይገባ ውሉ እንዳይጸድቅ ማድረግ ይቻላቸዋል። ለማኅበሩ አባላት በኢንሹራንስ ድርጅት የአደጋ ዋስትና መግዛትም አለ፤ ዋጋው በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ቢከፋፈል እጅግ ጥቂት ሆኖ ይገኛል።

አደጋ በደረሰ ዕለት የሚጻፈው ወረቀት ከሁሉ ይበልጣል። የተጐዳው ሰው ስም፥ ቀኑና ሰዓቱ፥ ምን ይሸከም እንደ ነበረ፥ ማን እንዳዘዘው፥ ያዩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ማን እንደ ሆኑ ተጽፎ፥ አንዱ ቅጂ በወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይላክ፤ አንዱ በተጐዳው ሰው እጅ ይቅር። አደጋውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ለአሠሪው ግዴታ ነው። በሐኪም ቤትም «በሥራ ላይ ነው የተጐዳሁት» ብሎ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ካርዱ «ወድቆ» ብቻ ያለ እንደ ሆነ ከስድስት ወር በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። ስምምነት ከጠፋ ነገሩ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ታዝዟል። ነገር ግን ከሥራ ውል የሚነሣ ጥያቄ ልዩ ጊዜ ካልተወሰነለት በቀር በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳልና፥ «ሲሻለኝ እጠይቃለሁ» እያለ የሚጠብቀውን ሰው ሹሙ ራሱ ሊያስጠነቅቀው ይገባል። ከገጠር የመጣ ወጣት ይህን ከየት ያውቃል?

አንድ ነገር ይቀራል። በገበያ ቀን በመጋዘን በር ላይ ትከሻቸውን የሚያከራዩ ልጆች ይታያሉ። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ቢሆን በመጋዘንና በጭነት ማመላለሻ ከባድ ዕቃ በማንሣት፥ በመጎተትና በመግፋት ሥራ ላይ ማሰማራት በዚሁ ዐዋጅ ተከልክሏል። የመጋዘን ቍጥጥር የሚያደርጉ የወረዳ ሠራተኞች እርጥበት ለመለካት በሚገቡበት ጊዜ ይህንንም አብረው ይመልከቱ።