የበረሃ ጉዞ የሚጀምረው ከቤት ነው

ውድ አንባቢያችን፣ «ስለ መኪና ስንቅና ትጥቅ የሚያወሳ ጽሑፍ በሴቶችና በቤተሰብ ገጽ ምን አመጣው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ከአንባቢዎቻችን መካከል ለክትባት፣ ለቆጠራ፣ ለጥናት ወይም ለውሃ ቁፋሮ ሥራ ወደ ሩቅ ቆላ የምትወጣ ሠራተኛ አለች፤ ባለቤቷ ወይም ልጇ ሾፌር የሆነ እናትም አለች። ለአንዷም ለሌላዋም፣ መኪናው እንዴት ተሰናድቶ እንደሚወጣ ማወቅ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከአንድ ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን ጋር ወደ አፋር ቆላ ወርጄ ነበር። አምስት ነበርን፤ ሾፌሩ፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ የአካባቢው ተወላጅ መንገድ መሪና እኔ። ከነርሶቹ አንዷ የስምንት ወር ሕፃኗን ለእናቷ ትታ የመጣች ነበረች። መኪናው ብርቱ ላንድ ክሩዘር በመሆኑ ስለ ጭነቱ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ውሃችን በሙሉ በአንድ የፕላስቲክ በርሜል ተሞልቶ ከፖርቶ መጋላው ላይ ታስሯል።

ከሎግያ አስፋልቱን ለቀን በወጣን በሁለተኛው ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀረቀርን። ውሃ ልንቀዳ ስንወጣ በርሜሉ በድንጋያማው መንገድ ሲንገጫገጭ ውሎ ከሥሩ ተሰንጥቆ ባዶውን አገኘነው። የቀረን በየኮዳችን የያዝነው ብቻ ነበር። ክሪኩን ብንተክለው አሸዋው ዋጠው፤ ስልክም አይሠራም። ያቺ ነርስ ያን ሌሊት ጡቷ ሞልቶ ሲያሰቃያት አደረች። ስለ ራሷ አንድም ቃል ሳትናገር፣ «እናቴ ምን ትል ይሆን?» ብቻ ትል ነበር።

በማግሥቱ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ሌላ መኪና ደረሰልን። የላከችው የሾፌራችን ባለቤት ነበረች። ሾፌሩ ከቤቱ ሲወጣ የምንሄድበትን መንገድና የምናድርበትን ቦታ በወረቀት ጽፎ፣ «ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት ካልደወልኩ ለመሥሪያ ቤቱ ንገሪ» ብሎ ግድግዳ ላይ ለጥፎላት ኖሯል። እርሷም ሰዓቱ ሲያልፍ «ትንሽ ልጠብቅ» አላለችም። እንግዲህ ከዚያ ጉዞ የተማርኩትን ላካፍልዎ።

መኪናውን ስለ መምረጥ

ለሩቅ ጉዞ የሚሆን መኪና በአራቱም ጎማ የሚነዳና ከመሬት ከፍ ያለ መሆን አለበት። ከዚህ የሚበልጠው ግን በየከተማው መለዋወጫና የሚያውቀው መካኒክ ያለው መሆኑ ነው። በ1977 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋለው ባለ 70 ቁጥሩ ላንድ ክሩዘር እስከ ዛሬ የሚፈለገው ስለዚህ ነው። ከመነሣቱ በፊት ጋራዥ ገብቶ ባሌስትራው፣ ፍሬኑ፣ ባትሪው፣ የራዲያተሩ ጎማ ቱቦና ቺንጋው መታየት አለባቸው። የአየር ማጣሪያውም መጽዳት ይኖርበታል፤ በአቧራ የታፈነ ሞተር ጉልበቱ ይደክማልና። ቺንጋ፣ የራዲያተር ቱቦና የነዳጅ ማጣሪያ ትርፍ ይያዙ። በከተማ በጥቂት ደቂቃ የሚለወጥ ቺንጋ በበረሃ ሰው ሊያስቀር ይችላል።

ጭነቱን እንደ አስቤዛ ያስሉት

የወር አስቤዛ የምታሰላ እናት ይህን ሒሳብ ለመሥራት አትቸገርም። አምስት ሰዎች ለሦስት ቀን ይወጣሉ እንበል። ሁለት የመጠባበቂያ ቀን ሲጨመር አምስት ቀን ይሆናል። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 8 ሊትር ቢታሰብ 200 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 200 ኪሎ ይመዝናል። መንገዱ 600 ኪሎ ሜትር ቢሆንና መኪናው በአሸዋ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ 120 ሊትር ነው፤ ሲሶውን ለመጠባበቂያ ብንጨምር 160 ሊትር፣ በክብደት ወደ 135 ኪሎ ይሆናል። አምስቱ ሰዎች 325 ኪሎ፣ ሁለት ስኮርት ጎማ ከነቸርኬያቸው 60 ኪሎ ያህል ቢመዝኑ፣ ቀለቡና መሣሪያው ሳይቆጠር ከ7 ኩንታል በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን ድምር ፋብሪካው በመኪናው መጽሐፍ ከጻፈው የጭነት ልክ ጋር ያስተያዩት። ካለፈ፣ የሚቀነሰው ሻንጣ እንጂ ውሃ አይደለም።

ከባድ ዕቃ ከላይ ሲጫን መኪናው በጎድን ዳገት ላይ በቀላሉ ይገለበጣል። ስለሆነም በፖርቶ መጋላ ላይ የሚወጣው ድንኳንና ፍራሽን የመሰለ ቀላል ነገር ብቻ ይሁን። ውሃው በአንድ በርሜል ሳይሆን በአሥር ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች ተከፍሎ፣ ከውስጥ ወለሉ ላይ በገመድ ይታሰር፤ አንዱ ቢቀደድ ዘጠኙ ይተርፋሉ። ያልታሰረ ጄሪካን ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ተወርውሮ ሰው ይጎዳል። ናፍጣ የነካው ጄሪካን ለውሃ እንዳይውል ቀለም ቀብተው ይለዩት።

አሸዋና ጎማ

ለስላሳ አሸዋ ላይ ሲደረስ የጎማው አየር እስከ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ድረስ ይቀነሳል። ጎማው ሰፋ ብሎ ስለሚረግጥ ቶሎ አይሰምጥም። ይሁን እንጂ በዝግታ መንዳት፣ ጠንካራ መንገድ ላይ ሲወጣም መልሶ መንፋት ግዴታ ነው፤ አለዚያ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። ስለዚህ ፖምፓና የአየር መለኪያ ከመኪናው አይለዩ። ሁለት አካፋ፣ የመጎተቻ ካቦ፣ ጎማ ሥር የሚነጠፉ ሳንቃዎችና ከክሪኩ ሥር የሚገባ ወፍራም ጣውላም ያስፈልጋሉ። እኛ ያን ቀን ያጣነው ይህን ጣውላ ነበር። መኪናው ሲቀረቀር ነዳጅ እየሰጡ ጎማ ማሽከርከር ጉድጓዱን ማጥለቅ ነውና ቆሞ መቆፈር ይሻላል።

ለሴት ተጓዦች

ይህን ክፍል በዝርዝር ውስጥ የሚያስገባው ሰው ጥቂት ነው። መጸዳጃ በሌለበት ሜዳ ከወንዶች ጋር የምትጓዝ ሴት ብዙ ጊዜ «እንዳልቸገር» ብላ ውሃ መጠጣት ትተዋለች። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ዳሎልን ብንወስድ፣ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። በዚህ ሙቀት ያልጠጣ ሰው ሳይታወቀው ይደክማል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃል። አራት እንጨትና አንድ ሸራ ካለ መከለያ ይሠራል፤ መከለያውም እንደ ክሪኩ ሁሉ ከመኪናው ዕቃ ይቆጠር። የወር አበባ መጠበቂያ፣ ሳሙናና አንድ ነጠላ ጨርቅ ይጨመር። ተቅማጥ ለያዘው ሰው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት እንደሚገባም አይዘንጉ።

ክትባት የሚጫን ከሆነ ሣጥኑ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ተቀምጦ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑ በየጊዜው ይታይ። ደርቆ የረጋ በረዶ ክትባቱን በቀጥታ አይንካ፤ መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት የሚያበላሻቸው ክትባቶች አሉና። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ሩቅ በሆነ የደቡብ ምሥራቅ መንደር ነበር። እንዲህ ያለ መንደር ድረስ የሚሄድ መኪና ዛሬም የብዙ ሕፃናት ተስፋ ነው።

በጉዟችን ላይ አንዲት የአፋር እናት ቤቷን ስትፈታ ዐይቻለሁ። የቤቱን እንጨትና ሰሌን እየጠቀለለች በግመሉ ግራና ቀኝ እኩል አድርጋ ጫነች፤ ማታ ቀድሞ የሚፈለገውን መጨረሻ ላይ አኖረች። እኛ በመኪናችን ያልሠራነውን ሒሳብ እርሷ በግመሏ ሠርታዋለች።

በመጨረሻም ወረቀቷ

ተጓዡ ከቤት ሳይወጣ የሚከተሉትን አጽፈው ከግድግዳው ላይ ይለጥፉ፦ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና ቀለም፣ የተጓዦቹን ስም፣ የሚሄዱበትን መንገድና የሚያድሩበትን ቦታ፣ የሚመለሱበትን ቀንና ሰዓት፣ ሰዓቱ ካለፈም የሚደወልለትን ሰው ስልክ። ተጓዡ ደግሞ ሳያስታውቅ መንገዱን አይለውጥ። መኪናው ቢቆም ሁሉም በመኪናው ጥላ ሥር ይቆዩ እንጂ ውሃ ፍለጋ በእግር አይበተኑ፤ ፈላጊ ከሰው ይልቅ መኪናን ከሩቅ ያያልና።

ውድ አንባቢያችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባለቤትዎ፣ ልጅዎ ወይም እርስዎ ራስዎ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲነሡ፣ «ውሃው የት ተጫነ?» እና «መቼ ልጠብቅ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ቶሎ ካልመጣ ጉዞው ገና አልተሰናዳም።