የሰደፍ ጫፍ በኮላ ብቻ አይያዝም

ጠመንጃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ብረቱ ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ እንጨቱ፣ ከእንጨቱም ስለ ሰደፉ ጫፍ ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ከሰደፍ ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ እንዲህ ነው።

በእኛ በእብናት ሰው ሲሞት ጠመንጃው ከቤት ወጥቶ በለቅሶው ላይ ይታያል። የአያቴ ምንሽር ግን የሰደፉ የታችኛው ጥግ ድሮ ተሰብሮ ስለነበር፣ ለተዝካራቸው እንዲህ ሆኖ አይወጣም ተባለ። አጎቴ ስባሪውን በመጋዝ ቀጥ አድርጎ ቆረጠና የወይራ ቁራጭ በነጭ ኮላ ለጠፈበት። በቡናማው ሰደፍ ላይ ጠቆር ያለው ወይራ ሲታይ እውነት ለመናገር ያምራል። ማማሩ ግን እስከ ተዝካሩ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ አጎቴ ጠመንጃውን መሬት አስነክቶ ሲያቆመው ቁራጩ ቷ ብሎ ተላቀቀ። አንድ ሕፃን ሮጦ አንስቶ ሲሰጠው የአጎቴን ፊት ማየት ነበር!

በክረምቱ እረፍት ሰደፉን ይዤ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ሰደፉን ብቻ ነው ያልኩት፤ ብረቱን አጎቴ ቤት ፈቶ አስቀርቶታል። አናጢው ድሮም ብረት አይነኩም። ደግሞም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለፈቃድ መያዝ ክልክል ነው፤ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ካለው ሁኔታ ጋር ደግሞ ጠመንጃ ተሸክሞ ገበያ ለገበያ መዞር የሚታሰብ አይደለም።

ሽማግሌው የተላቀቀውን ገጽ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ልጄ፣ ኮላው ምን ያድርግ? የሚይዘው ነገር አልሰጣችሁትም» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ እስኪገባኝ ጊዜ ወስዶብኛል። እንጨት ማለት እንደ ታሰረ የገለባ ነዶ ነው። ክሮቹ በርዝመቱ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱም ውስጡ ክፍት ነው። ነዶውን አግድም ብትቆርጡት የገለባዎቹ አፍ ብቻ ይታያል። እዚያ ላይ ኮላ ብትቀቡ ገለባዎቹ ይመጡትና ለመገናኛው የሚተርፍ የለም። አጎቴ ቀጥ አድርጎ ሲቆርጥ ያደረገው ይህንኑ ነው። የነዶውን ጎን ከሌላ ነዶ ጎን ጋር ብታጣብቁ ግን ክር ከክር ጋር ይያያዛል። በደንብ የተሠራ የጎን መገናኛ ከራሱ ከእንጨቱ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ሲሰበር እንኳን የሚሰነጠቀው እንጨቱ እንጂ ኮላው አይደለም።

ጥጉ ድሮውንም የተሰበረው በዚሁ በክሩ ጠባይ ነው። ሰደፍ ወደ ታች ስለሚያዘነብል የታችኛው ጥግ ላይ ክሮቹ አጭር ሆነው ይቀራሉ። ጠመንጃውን መሬት ላይ ባቆሙት ቁጥር የሚመታው ደግሞ እሱ ነው።

ስለዚህ አናጢው አዲስ ገጽ አወጡለት፤ በዚህ ጊዜ ክሩን ተከትለው በሰያፍ። ቀጥሎ «ደረቅ ወይራ አምጪ» አሉኝ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በጎኑ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይነካውም። እርጥብ ወይራ ደረቅ ሰደፍ ላይ ቢለጠፍ ወይራው እያጠረ መገናኛውን ራሱ ይገነጥለዋል። ቤት ቆጥ ላይ ስፈልግ የተሰበረ ድግር አገኘሁ፤ ስንት ዓመት ጭስ ሲጠጣ የኖረ! ከዚህ የበለጠ ደረቅ ከየት ይመጣል?

ወይራ ግን ሌላም ጣጣ አለው። ቅባታም ነው (ጋን ስናጥንበት ያ ሽታው ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል?)። አሮጌ ሰደፍም ለዘመናት የመሣሪያ ዘይት ሲጠጣ ኖሯል። ቅባት ደግሞ ኮላ አያስገባም። ሁለቱም ገጾች ከመለጠፋቸው ጥቂት ደቂቃ በፊት እንደገና ይላጋሉ፣ በአሴቶን ወይም በአልኮል ይጠረጋሉ። ለቅባታም እንጨት ከነጩ ኮላ ይልቅ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁት፣ ኢፖክሲ የሚባለው፣ ይሻላል። ሲጣበቅም አንቆ ማሰር አይገባም፤ ኢፖክሲው ተጨምቆ ካለቀ መገናኛው ባዶ ይቀራል።

ታዲያ ሰያፍ ነገር በሞርሳ ሲያዝ ይንሸራተታል። ሽማግሌው መጀመሪያ በሁለት ቀጫጭን የወይራ ችንካር ወጉትና፣ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በረጅሙ ቀደው ዙሪያውን ጠመጠሙበት። ላስቲኩ ከየአቅጣጫው እኩል ይጫናል። በማግሥቱ ነው ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት የመጣው። በመጨረሻ በስሱ የተልባ ዘይት ተቀባ። (ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ አጣጥፋችሁ አታስቀምጡ፤ ሲደርቅ ይሞቃል፣ በራሱ እሳት እስከማንሣት ይደርሳል።)

በውጭው ዓለም ይህ ዓይነቱ ጫፍ ጌጥ ነው። እንግሊዞች የእንጨቱን የፊት ጫፍ በቀንድ ይጨርሱት ነበር፤ የአሜሪካው ዌዘርቢ ደግሞ ጠቆር ያለ ጠንካራ እንጨት ይቀጥልበታል። የፊት ጫፍ አግድም ስለሚቆረጥ የገለባው አፍ ችግር እዚያም አለ፤ ስለዚህ መሃሉን በስተው ችንካር ያስገቡበታል። እኛ ዘንድ ጌጡ የመጣው በጥገና ነው። ሰናድር የሚለው ስም ስናይደር ከሚባለው፣ የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ይዞት ከመጣው ጠመንጃ ነው፤ ውጅግራም ፉዚ ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ። የእነዚህ የአውሮፓ ጠመንጃዎች ሰደፍ በአብዛኛው ዋልነት የሚባል የውጭ እንጨት ነው። ሲሰበር ዋልነት ከየት ይምጣ? ያለው ዋንዛና ወይራ ነው። ዋንዛው ለመሮ ይመቻል፣ መሬት ለሚነካ ጥግ ግን ይለሰልሳል።

ለሙት ዓመቱ ምንሽሩ ወጣ፤ አጎቴም መሬት አስነክቶ አቆመው። ምንም አልሆነም። አያቴ እማማ ጠጋ ብለው ጠቆር ያለውን ጥግ በጣታቸው እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ይቺ ድግሬ አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። «ማን ቁረጫት አለሽ?»