«ደከመኝ» ስንል ሐኪሙ ምን ይሰማል?

በዚህ እትም የምንጽፈው ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሏ «ደከመ» የምትለው ናት። ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚያውቃት ቀላል ቃል ናት። ሆኖም እዚሁ አሽዶድ፣ በሥራችን ላይ ሳለን፣ ይህች ቃል በትክክል ሳትተረጎም ቀርታ አንዲት እናት የግራ እጃቸውን ጥቅም አጥተዋል። ጥፋቱም በከፊል የእኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞቹ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከሱኮት በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ነው። በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ አንዲት እናት የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ቢሯችን መጡ። የመጡበት ጉዳይ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የደረሳቸው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውን አንብበን ካስረዳናቸው በኋላ ሊሄዱ ሲነሱ፣ «ዛሬ ጠዋት እንዲያው ደከመኝ፤ ግራ እጄ ዛለና የሻይ ብርጭቆ ጣልኩ፤ አሁን ግን ደህና ነኝ» አሉን። እኛም ወደ ኩፓት ሆሊም እንዲሄዱ መከርናቸው፤ ዕብራይስጥ ስለማይችሉም ለሐኪሙ የሚሰጡት አጭር ወረቀት ጻፍንላቸው። በወረቀቱ ላይ የጻፍነው «ሂ አዬፋ መኦድ» ብለን ነው፤ በጣም ደክሟታል ማለት ነው። የእጁን ነገር አልጻፍነውም። ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቀን ነበር፤ ደግሞም «ደከመኝ» የሚለው ቃል ጆሯችንን ሞልቶት «ዛለ» የሚለውን አልሰማነውም።

በክሊኒኩም የልጅ ልጃቸው «ሳቭታ አዬፋ» ብሎ አስተረጎመ። ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለካ፣ የደም ምርመራ አዘዘ፣ ውኃ እንዲጠጡና እንዲያርፉ ነግሮ አሰናበታቸው። በሦስተኛው ቀን ማታ እጃቸው እንደገና ዛለ፤ ንግግራቸው ተኮላተፈ፤ አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ጠመመ። ቤተሰቡ «ደክሟቸው ነው፣ ይተኙ» ብሎ አስተኛቸው። አምቡላንስ የተጠራው ሲነጋ ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ በሽታው በዕብራይስጥ «ሻቫጽ ሞኺ» የሚባለው፣ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም የሚቋረጥበት ሕመም መሆኑ ታወቀ። ለመድኃኒቱ የተወሰነው ሰዓት ግን አልፎ ነበር። ዛሬ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ይናገራሉ፣ ይስቃሉም። እንጀራ ሲጋግሩ ግን በቀኝ እጃቸው ሊጡን ያዞራሉ፤ የምጣዱን ክዳን የምታነሣላቸው ልጃቸው ናት።

ከዚያ ወዲህ እኛ በቢሯችን ተቀምጠን ራሳችንን ጠየቅን። «ደከመኝ» ማለት ለመሆኑ ምን ማለት ነው?

ከሥራ የገባ ሰው «ደከመኝ» ሲል ልረፍ ማለቱ ነው። እናት «ደክሜ አሳደግሁት» ስትል ደግሞ ስለ ልፋቷ መናገሯ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቃሉ በሽታ ሳይሆን ክብር ነው። «ዓይኔ ደክሟል» ስንል ማየት ተስኖናል። «ልጁ በሒሳብ ደካማ ነው» ይባላል። «ልቤ ደከመ» የሚል ሰው ተስፋ መቁረጡን ሊነግረን ይችላል፤ «የልብ ድካም አለብኝ» የሚል ግን የሐኪም ስም ያለው ትልቅ በሽታ መናገሩ ነው። ከሁሉ የሚከብደው፣ ስለ ታመመ ሽማግሌ «እንዴት አደሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደክመዋል» የሚለው መልስ ነው። ይህን የሰማ ጎረቤት ነጠላውን አንሥቶ ይወጣል፤ ሰውየው በሞትና በሕይወት መካከል እንዳሉ ገብቶታልና። እንግዲህ ከእንቅልፍ ማጣት እስከ ሞት አፋፍ ድረስ ያለውን ሁሉ አንዲት ቃል ተሸክማዋለች ማለት ነው።

እኛ በአማርኛ ስንነጋገር ይህ አያስቸግረንም። ድምፁን፣ ፊቱን፣ ማን እንደተናገረውና የት እንደተናገረው አይተን እንለያለን። በተጨማሪም ሌሎች ቃላት ይረዱናል። ክንድ ወይም ጉልበት ኃይል ሲያጣ «ዛለ» እንላለን። ቅጠልም ሆነ የሰው ፊት ሲጠወልግ እናየዋለን። ገመድና ጅማት «ላላ» ይባላል። እጅ ወይም እግር ጨርሶ ከከዳ «ሰለለ» ነው። ሰው ቆሞ ሳለ ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት ሲወድቅ ደግሞ «ተዝለፈለፈ» እንላለን። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በዚህ አገር ኮሌጅ ተምረን የሕመሞችን ስም በዕብራይስጥ እናውቃለን፤ እነዚህን ልዩነቶች ግን የተማርናቸው ከእናቶቻችን ነው፤ በዚያን ቀን ለመርሳት ያበቃንም ምን እንደሆነ እንጃ።

ዕብራይስጥ ግን ነገሩን ከፋፍሎ ይይዘዋል። «አዬፍ»፣ ለሴት «አዬፋ»፣ የሚባለው እንቅልፍና ዕረፍት የሚሻ ሰው ነው። ሐኪም ይህን ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሥራ ብዛት፣ ስለ ደም ማነስ ያስባል። «ኹልሻ» ግን የሰውነት ኃይል ማጣት ነው። በተለይ «ኹልሻ በያድ»፣ ማለትም የእጅ መዛል፣ ሲባል ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሥቶ «እጅዎን ያንሡ» ይላል። ሕፃን ልጅ ዝልፍልፍ ሲል «ራፉይ» ይባላል፤ ዓይኑን ገልጦ ለሚያጫውተው ሰው ምላሽ ሳይሰጥ ሲቀር ደግሞ «አፓቲ» ይሉታል። በጢፓት ኻላቭ ወይም በሚዩን «ልጄ አዬፍ ነው» ያለች እናት ተራዋን ልትጠብቅ ትችላለች፤ «ሁ ራፉይ፣ ሁ አፓቲ» ካለች ግን ቶሎ ያዩላታል።

እዚህ ላይ ስለ ሥራ ቦታ ጥቂት እንበል። «አቅም የለኝም» የሚለውን ብዙዎቻችን ቃል በቃል «ኤይን ሊ ኮአኽ» ብለን እንተረጉመዋለን። ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የአገሩ ሰው ይህን አባባል «አሁን ፍላጎቱ የለኝም፣ ሰለቸኝ» ለማለትም ዘወትር ይጠቀምበታል። አንድ ትጉህ ሠራተኛ ዛል ዛል ብሎት ለኃላፊው «ኤይን ሊ ኮአኽ» ብሎ ቢናገር እንደ ሰነፍ ሊቆጠር ይችላል። በዚህ ምክንያት ተጣልተው ወደ እኛ የመጡ አሉ። «አኒ ማርጊሽ ኹልሻ»፣ ሴት ከሆነች «አኒ ማርጊሻ ኹልሻ» ማለት የተሻለ ነው፤ ሰውነቴ ዛለ፣ ደህና አይደለሁም ማለት ነው።

ሌላም የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ይህኛው ከቋንቋ ይልቅ ከአስተዳደጋችን ጋር የተያያዘ ነው። በእኛ ዘንድ መልካም ሰው ሲመሰገን «ደከመኝ ሰለቸኝ ሳይል» ይባላል። ስለዚህም አባቶችና እናቶች «ደከመኝ» የምትለውን ቃል አፋቸው ላይ አያመጧትም። በ1984 በፈረንጆች አቆጣጠር ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግራቸው የተጓዙ ወገኖቻችን፣ በመንገድ ላይ ደከመኝ ማለት ለራስም ለቤተሰብም አደጋ እንደነበረ ይነግሩናል። በዚያ ጉዞና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሃር ሄርጽል ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለውን መንገድ ያለፈ ትውልድ፣ ወይም በጎንደርና በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ጠዋት «ደከመኝ» ካለ ቃሉን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ዝም ብለው የቆዩ ሰው በመጨረሻ የሚናገሩት እሱን ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቤትም ሆነ በክሊኒክ «ደከመኝ» ሲባል ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ምንዎ ነው የደከመው? ከመቼ ጀምሮ? በአንድ ጎን ነው ወይስ በሁለቱም? እኒያ እናት ይህን ቢጠየቁ ኖሮ «ግራ እጄ፣ ዛሬ ጠዋት፣ በድንገት» ባሉን ነበር።

በድንገት አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ከዛለ፣ ፊት በአንድ ጎን ከወረደ ወይም አፍ ከጠመመ፣ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ፣ ይህ ድካም አይደለም። በሽተኛውን ማስተኛት አያስፈልግም፣ ቶር መጠበቅም አያስፈልግም። ወዲያውኑ በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ይደወል። በስልኩም እንዲህ ይባላል፦ «ፒትኦም ሃያድ ኔኽለሻ»፣ በድንገት እጁ ዛለ፤ «ሃፔ ዓቁም»፣ አፉ ጠሟል፤ «ቤጻድ ኤኻድ»፣ በአንድ ጎን። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ለአንዳንድ በሽተኞች የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ የማውጣት ሕክምና እስከ 24 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ ቢሆንም እያንዳንዷ ደቂቃ ባለፈች ቁጥር የሚጎዳው የአንጎል ክፍል ይጨምራል። ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማታይ ዜ ሂትኺል?»፣ መቼ ጀመረ? ብለው ነው። ሰዓቱን ጻፉ።

ምልክቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጠፋስ? ያኔም እንዲሁ። በእኒያ እናት ላይ በመጀመሪያው ቀን የታየው ይኸው ነበር፤ መጥቶ የሚያልፍ መዛል ለሚከተለው ትልቅ ሕመም ማስጠንቀቂያ ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ቀን ሆስፒታል መታየት አለበት። በከተማችን እስከ 2017 ድረስ ሆስፒታል ስላልነበረ ወደ አሽቀሎን ባርዚላይ ወይም ወደ ረሖቮት ካፕላን እንሄድ ነበር። በዚያ ዓመት አሱታ አሽዶድ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ አጭር ሆኗል።

ስለ ሌሎቹ ድካሞች ባጭሩ እንናገራለን። ድካሙ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከእግር ማበጥና ጋደም ሲሉ አየር ከማጣት ጋር ከሆነ፣ ጉዳዩ የልብ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ይንገሩ፤ «ሃሌቭ አዬፍ» ብቻ ብትሉ ያዘነ ሰው ሊመስላችሁ ይችላል። ደረት ላይ የሚጫን ነገር ካለና ካላበዎ ግን ይህም የ101 ጉዳይ ነው። ጥማት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትና ድካም ሲገናኙ ስኳር ይመርመሩ። ሳምንታት አልፈው ልብ ሁልጊዜ የሚደክም፣ ምግብና እንቅልፍ የሚጠፋ፣ ሰው የሚያስጠላ ከሆነ ወደ እኛም ወደ ቤተሰብ ሐኪምም መምጣት አያሳፍርም። በአዲስ አገር የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሰው ይህን ያያል።

ስለ አስተርጓሚነትም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የአሥር ዓመት ልጅ «ዛለ» የሚለውን ቃል ከየት ያውቀዋል? ብዙዎቹ ልጆቻችን አማርኛ የሚሰሙት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ደግሞም አያት ስለ ሽንታቸው ወይም ስለ ደም መፍሰስ በልጅ ልጃቸው ፊት አይናገሩም። በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ ሐኪሙ ስለ ሕክምናው ለበሽተኛው በሚገባው መንገድ እንዲያስረዳ ያዛል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት በቋንቋና በባህል ረገድ ለበሽተኞቻቸው የተመቹ እንዲሆኑ ጠይቋል። ስለዚህ «አኒ ጽሪኻ መቱርገማን ለአምሃሪት»፣ ወንድ ከሆኑ «አኒ ጻሪኽ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ሜጋሼር ያለበት ክሊኒክ ከሆነ ሜጋሼሩን ያስጠሩ። ከሌለም አማርኛ የሚያውቅ ትልቅ ሰው በስልክ ይስማና ያስተርጉም፤ ልጁም ትምህርቱን ይማር።

እኛም የራሳችንን ሥራ አስተካክለናል። ለሐኪም የምንጽፈው ወረቀት ላይ አሁን «አዬፍ» ብለን ብቻ አንጽፍም። ባለጉዳዩ የተናገረውን የአማርኛ ቃል እንዳለ እንጽፍና ከጎኑ በዕብራይስጥ የትኛው የሰውነት ክፍል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ እናስቀምጣለን።

ከላይ የጠቀስናቸው ዓረፍተ ነገሮች በዚህ እትም በዕብራይስጡ ገጽ ላይ በትልቅ ፊደል ስለታተሙ ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏቸው። ጽሑፉን ከማሳተማችን በፊት ለእኒያ እናት አነበብንላቸውና እንድናወጣው ፈቀዱልን፤ ስማቸው ግን እንዳይጻፍ አሳስበውናል። በመጀመሪያው ረቂቃችን «አፋቸው ደከመ» ብለን ጽፈን ነበር። እሳቸውም አስቆሙንና፣ «አፍ እንኳ ደከመ አይባልም፤ ጠመመ ነው። አሁንም አልሰማችሁም?» ብለው ሳቁብን። አርመነዋል።