የአባቴ ዓይንና የእኔ ቀጠሮ

አባቴ ማየት ሲያዳግተው የከሚሴ ሰው ምክር አንድ ነበር፤ «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል።» እሱም ጠበቀ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስናደርሰው ግን ሕመሙ ግላኮማ ነበር። ሐኪሟ የጠፋው እይታ እንደማይመለስ ከነገረችን በኋላ ወደ ልጆቹ ዞራ «እናንተስ ተመርምራችኋል?» አለችን።

ምክሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው፤ ግላኮማ 5.2 በመቶውን ነበር። ሞራ ዘግይቶም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ግላኮማ ግን ጊዜ አይሰጥም። በዓይን ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫው ሲታወክ ግፊት ይጨምራል፤ ምስልን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭም ቀስ በቀስ ይሞታል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር እይታ ስለሆነ ሰውየው ደኅና ነኝ እያለ ይኖራል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ሰው ደግሞ ሥጋቱ ከሌላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ በየዓመቱ በሐርቡና በኮምቦልቻ አልፌ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ማደንዘዣ ጠብታ አድርገው ግፊቱን ይለካሉ፤ ነርቩን ያያሉ፤ ብልጭ የሚል ብርሃን ባየሁ ቁጥርም ቁልፍ እጫናለሁ። የተለመደው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የእኔ ወደ ላይኛው ጫፍ ይጠጋል። ግፊቱ ሳይጨምር ነርቩ የሚጎዳበት ሰው ስላለ፣ የዘንድሮው ውጤት ሁልጊዜ ከአምናው ጋር ይተያያል።

ቀጠሮ ሲቃረብ እንቅልፍ ይሸሸኛል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደርሶ መንገድ ሲዘጋ፣ የግድግዳውን ጥግና ጥግ እያየሁ ራሴን ስፈትን ከረምኩ። ጎረቤቶቼ «ያላመመሽን ምን አስፈለገሽ? ለአላህ ተይው» ይሉኛል። ዱዓዬን አድርጌ ነው መኪና የምሳፈረው።

ታላቅ ወንድሜ ምንም ሳያመው ተመርምሮ ተገኘበት። በየቀኑ ጠብታ ያደርጋል። ጠብታው ግፊቱን ቀንሶ የቀረውን እይታ ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፤ ስለዚህ ደኅና ነኝ ብሎ ማቋረጥ አይቻልም። አስም ያለበት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ እንደ ቲሞሎል ያለው ጠብታ አስምን ያባብሳል።

በቤታችሁ «በእርጅና ዓይኑ ጠፋ» የሚባል ሰው ካለ ምክንያቱን አስመርምሩ። ግላኮማ ከሆነ ልጆቹም፣ ወንድምና እህቶቹም አጥርተው እያዩ ሳለ ይመርመሩ፤ ማትረፍ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።