ፀሐይ የሚገባበት፣ ቫይታሚን የማይገባበት በረንዳ

ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ምክር አለ፦ «በረንዳችሁን በመስታወት ዝጉ፤ ሕፃኑ ነፋስ ሳይነካው ፀሐይ ይሙቅ፤ ቫይታሚን ዲ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።» ውጫሌ ዘመድ ልጠይቅ ብሄድ ምክሩ ተሠርቶ ጠበቀኝ። በረንዳው በአሉሚኒየምና በመስታወት ታጥሯል። ግድግዳው ነጭ፣ መጋረጃው ሰማያዊ፣ ወንበሩ ቀርከሃ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ዛጎል በሳህን ተቀምጧል። «የባሕር ዳር ስታይል ነው» አለችኝ የቤቱ እመቤት። (ከተማዋን ማለቷ አይደለም፤ የባሕሩን ዳርቻ ነው። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ለውጫሌ ሰው የሚቀርበው ወደ ደሴ ሲሄዱ የሚገኘው ሐይቅ ነው።)

በውበቱ አልከራከርም። ያናደደኝ የሕፃኑ አልጋ እዚያ መሆኑ ነው፤ ለቫይታሚን ተብሎ።

የፀሐይ ብርሃን የብዙ ሞገዶች ድብልቅ ነው፤ ይህን በትምህርት ቤት ስለተማርነው ልለፈው። ዓይን ከሚያየው የሚያጥሩት ሞገዶች አልትራቫዮሌት ይባላሉ። («ልዕለ ሐምራዊ» የሚሉ መዝገበ ቃላት አሉ፤ ግን አንባቢ ሐምራዊ ነገር ይፈልጋል ብዬ ስለምፈራ አልጠቀምበትም።) ከእነዚህ ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው «ኤ»፣ ከ280 እስከ 315 ያለው «ቢ» ነው። ይህ «ቢ» ከቫይታሚን ቢ ጋር ዝምድና የለውም። ቆዳችን ውስጥ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ቅባት አለ፤ «ቢ» ሲያርፍበት ይሰበርና የቫይታሚን ዲ መነሻ ይሆናል። «ኤ» ይህን ሥራ አይሠራም።

መስታወቱ የሚያስቀረው ደግሞ ይህንኑ «ቢ» ነው። በረንዳው ጥግ የተረፈ ቁራጭ መስታወት ቆሞ ነበር፤ ፊት ለፊት ሲያዩት የጠራ ውኃ ይመስላል፣ በጠርዙ ሲያዩት ግን አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ከአሸዋው ጋር የመጣ ጥቂት ብረት ነው፤ አጫጭር ሞገዶችን በመዋጥ እሱም ያግዛል። ወንፊት ነው እንዳልል፣ በወንፊት የሚያልፈው ደቃቁ ነው፤ እዚህ ግን ደቃቁ ይቀራል። ይልቅ የአገሩን ምሳሌ ልውሰድ፦ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ይል እንደነበረው ሁሉ፣ መስታወትም ለዓይን «ግባ» ይላል፣ ለቆዳ «የለም»።

በርሊን ውስጥ ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1919 ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የልጆች አጥንት መለስለስ) የያዛቸውን ልጆች በመብራት ሲያክም፣ መብራቱ የኳርትዝ ነበር። ኳርትዝ «ቢ»ን ያሳልፋል፤ ተራ መስታወት ቢሆን ኖሮ ሕክምናው ከመብራቱ ባልወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ስነግራት እመቤቲቱ መጋረጃውን ገለጠች። «ወላሂ፣ ጨረሩ ካልገባ ይሄን ማን አነጣው?» ልክ ነች፤ ወደ መስታወቱ የዞረው ገጽ አመድ መስሏል፣ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ግን እንደተገዛ ሰማያዊ ነው። ቀለም የሚሰብሩት «ኤ» እና የሚታየው ብርሃን ናቸው፤ እነሱ ያልፋሉ። የመጋረጃው መንጣት የ«ቢ»ን መግባት አይመሰክርም።

«የ13 ወር ፀሐይ» በምንልበት አገር ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት የሳምባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሪኬትስ የተገኘው በታመሙት 42 ከመቶ፣ ባልታመሙት 4 ከመቶ ላይ ነው።

ታዲያ ስንት ደቂቃ? እዚህ ላይ እጄን እሰበስባለሁ፤ እኔ የፊዚክስ ሰው ነኝ፣ ቆዳው ሲጀምር ሥልጣኔ ያበቃል። የቆዳ ጥቁረት፣ ደመና፣ ልብስና ዕድሜ ሁሉ መልሱን ይለውጡታል። የቆዳ ሐኪሞች መቃጠልን፣ የሕፃናት ሐኪሞች ሪኬትስን ይፈራሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ማለዳ ፀሐይ አጋድላ ብዙ አየር ስለምታቋርጥ «ቢ» ገና መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጥላችሁ ከቁመታችሁ በእጅጉ ከረዘመ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ይህም ግምታዊ መለኪያ ነው፣ ሕግ አይደለም። ስለ ደቂቃው ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

መጋረጃውን አትንኩት፤ ዛጎሉም ይቀመጥ። ልጁ ፀሐይ የሚሞቅበት ሰዓት ሲደርስ ግን መስኮቱን ክፈቱት፣ ወይም ይዛችሁት ደጅ ውጡ።